ቅዱስ ያሬድ፡ በትዕግሥት የተገኘ ዜማ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን፡፡

የዜማ አባት ቅዱስ ያሬድ ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. በአክሱም እንደ ተወለደ አበው ያስተምራሉ፡፡ አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ እናቱ የአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው፡፡ ሕፃኑ ግን ትምህርት አልገባው አለ፤ መዝሙረ ዳዊትን ማጥናት ቢያቅተው መምህሩ ገረፈው፡፡ እርሱም አዝኖ ኮበለለ፡፡

በመንገድም ከዛፍ ሥር ዐርፎ ሳለ አንድ ትል ፍሬውን ለመብላት ግንዱን ሲወጣና ሲወድቅ ተመለከተ፡፡ ትሉ ደጋግሞ ወድቆ በመጨረሻ ከፍሬው ደረሰ፡፡ ያሬድም በራሱ ስንፍና አፍሮ ወደ መምህሩ ተመለሰ፤ ይቅርታም ጠየቀ፡፡ በልቅሶ ወደ እግዚአብሔር ቢለምን አእምሮው ተከፈተለት፤ መጻሕፍትንም ተምሮ ዲቁና ተቀበለ፡፡

ከዚህ በኋላ ሰማያዊው ዜማ ተገለጠለት፡፡ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ በተባሉት ሦስቱ ዜማዎች ድርሰቱን ለየበዓላቱና ለየወቅቱ አዘጋጀ፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት ዛሬም በእጃችን አሉ፡፡ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት ሲያዜም ንጉሡ በተመስጦ ጦሩን በእግሩ ላይ ቢተክልበት፣ ደሙ እየፈሰሰ ማኅሌቱን እስኪፈጽም አልተሰማውም፡፡ ንጉሡም ደንግጦ የሚሻውን እንዲለምን በጠየቀው ጊዜ ሀብትና ሹመት አልለመነም፤ በምናኔ ይኖር ዘንድ እንዲያሰናብተው ብቻ ለመነ፡፡ ወደ ስሜን ተራሮች ሄዶ በጾምና በጸሎት ተጋደለ፤ ደቀ መዛሙርትንም አስተማረ፡፡ ቤተ ክርስቲያንም ግንቦት 11 ቀን ታስበዋለች፡፡

ዛሬ በማኅሌት የምንቆም ብዙዎቻችን ዜማን ከስልክ ሰምተን በጥቂት ቀን ልንይዘው እንሻለን፡፡ ድፋቱን፣ ሂደቱን፣ ርክርኩን ግን ከመምህር አፍ ተቀብለን፣ ተሳስተን፣ ታርመን፣ ደግመን ካላዜምነው አይጸናልንም፡፡ የድጓ ተማሪ ከቤተልሔም፣ የዝማሬ መዋሥዕት ተማሪ ከዙር አምባ ለማስመስከር ስንት ዓመት እንደሚደክም እናውቃለን፡፡ መልካም ድምፅ ስጦታ ነው፤ ስጦታውም ድካምን አያስቀርም፡፡ የዜማው አባት ራሱ ለፍሬው የበቃው ወድቆ በመነሣት ነውና፡፡ ባወቅንም ጊዜ የጦሩን ነገር እናስብ፤ ራሱን እስኪረሳ ያመሰገነ እርሱ ለመታየት አልዘመረምና፡፡

የቅዱስ ያሬድ ጸሎቱና በረከቱ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን፡፡

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፡፡