70 ኩንታል መድፍ የጋይንትን ዳገት እንዴት ወጣ?

7 ሺህ ኪሎ ገደማ የሚመዝን መድፍ ያለ ሞተር፣ ያለ ክሬን ገደል ይወጣል? ዐፄ ቴዎድሮስ አስወጥተውታል።

ንጉሡ በ1811 ዓ.ም. ቋራ ውስጥ ካሣ ኃይሉ ተብለው ተወለዱ። የቤተ ክህነት ትምህርት ቀመሱ፣ ሸፈቱ፣ መሳፍንቱን ተራ በተራ አሸንፈው በ1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ነገሡ። ትልቁ ሕልማቸው መድፍን እዚሁ አገር ውስጥ መሥራት ነበር። ደብረ ታቦር አጠገብ፣ ጋፋት ላይ፣ አውሮፓውያን ሚሲዮናውያንንና የእጅ ባለሙያዎችን ሰብስበው ነሐስ አስቀለጡ። ሴባስቶፖል የወጣው ከዚያ ነው።

መስከረም 30 ቀን 1860 ዓ.ም. ደብረ ታቦርን አቃጥለው፣ መድፎቻቸውን ይዘው በጋይንት በኩል ወደ መቅደላ ተነሡ። ፊታቸው የጨጨሆ ዳገት አለ። ይህ አገር ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየደጋገመ በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅላጭ የተነባበረ ነው። ውኃ ሲሸረሽረው ደግሞ እንደ ደረጃ ገደል በገደል ሆነ።

ታዲያ መድፉ እንዴት ወጣ? በቀላል ፊዚክስ ነው። 70 ኩንታል ቀጥ አድርጎ ማንሣት አይሞከርም። መንገዱ ግን በየ10 ሜትሩ 1 ሜትር ብቻ ከፍ እንዲል ቢጋደም፣ ሰበቃውን ሳንቆጥር፣ የሚያስፈልገው ጉልበት 7 ኩንታል እንደማንሣት ይሆናል። ጉልበቱ ሲቀንስ መንገዱ ይረዝማል፤ በነፃ የሚገኝ ነገር የለም። ቁልቁለቱ ደግሞ ከዳገቱ ይብሳል፤ እዚያ ሥራው መጎተት ሳይሆን እንዳያመልጥ ወደኋላ መያዝ ነው።

ስለዚህ ዓለቱን በባሩድ እያፈነዱ መንገድ አወጡ። ንጉሡ ራሳቸው ከወታደሩ ጋር ድንጋይ አነሱ። በመቶዎች የሚቆጠር ሰው ጋሪውን ጎተተ። ዛሬ በመኪና በሰዓታት የሚያልቀው ጉዞ ያኔ ከአምስት ወር በላይ ፈጀ።

የድንጋዩ ነገር እንዲህ ተፈታ፤ የሰው ልብ ግን አልተመለሰም። በጌምድር ሸፍቶባቸው ነበር፤ እሳቸውም መንደሩን ሲያቃጥሉ፣ የገበሬውን እህልና ከብት ሲያስዘርፉ ከርመዋል። ወታደሩም እየከዳ ሳሳ። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን የእንግሊዝ ጦር አምባውን ሲሰብር፣ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን ገደሉ።

የሚገርመው፣ ያ ጦር ወደ በሽሎ የወረደው እሳቸው ለመድፉ በጠረጉት መንገድ ነው። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ አለ። በጨጨሆ ካለፋችሁ ከስልካችሁ ቀና ብላችሁ ዳገቱን እዩት።