ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ፦ የአልጀብራው ሊቅ

በዚህ እትም የምናነሳው ሊቅ ሳናውቀው ስንጠራው የኖርነው ሰው ነው። አልጀብራ ስንል የመጽሐፉን ርእስ፣ አልጎሪዝም ስንል የራሱን ስም እየጠራን ነው።

ሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ የተወለደው እ.ኤ.አ. በ780 አካባቢ ነው። መጠሪያው የመጣው ከአራል ባሕር በስተደቡብ ካለው ከኸዋሪዝም አገር ነው። የታወቀው ግን በባግዳድ ነው። ከ813 እስከ 833 የገዛው ከሊፋ አል-መእሙን የግሪኩን፣ የፋርሱንና የሕንዱን ዕውቀት ወደ ዐረብኛ በሚያስመልስበት ዘመን፣ ኸዋሪዝሚ በበይተል ሒክማ ካገለገሉት ሊቃውንት አንዱ ነበር። ስለ ቤተሰቡ ታሪክ ጸሐፊዎች የተዉልን እጅግ ጥቂት ነው። ሕይወቱን የምናነበው ከመጻሕፍቱ ነው።

ስለ ጀብርና ሙቃበላ የጻፈውን መጽሐፍ ለምን እንዳዘጋጀው በመግቢያው ገልጿል። ሰዎች ለውርስ፣ ለኑዛዜ፣ ለንግድ፣ ለመሬት ልኬትና ለቦይ ቁፋሮ የሚያስፈልጋቸውን ስሌት ለማቅረብ ነው። ዛሬ በአልጀብራ መምህርነቱ ብቻ ስለምናውቀው አንድ ነገር ይረሳል፤ የመጽሐፉ ረጅሙ ክፍል ስለ ውርስና ኑዛዜ ነው።

ካነሳቸው ጥያቄዎች አንዱን እንመልከት። አንዲት ሴት ባሏን፣ አንድ ወንድ ልጅና ሦስት ሴቶች ልጆች ትታ ሞተች። ከሀብቷም አንድ ስምንተኛና አንድ ሰባተኛ ተደምሮ ለባዕድ ሰው እንዲሰጥ ተናዛለች። ኑዛዜው 15/56 ነው፤ ከሲሶ ስለማይበልጥ ይጸናል። የሚቀረው 41/56 ነው። ከቀሪው ሩቡ ለባል ይሄዳል፤ የተረፈው አምስት ቦታ ተከፍሎ ሁለቱ ለወንዱ፣ አንድ አንዱ ለሴቶቹ ይደርሳል። ሁሉም ያለ ስባሪ እንዲወጣ ሀብቱን 1120 ቦታ እንከፍላለን፦ ለባዕዱ 300፣ ለባል 205፣ ለወንድ ልጅ 246፣ ለእያንዳንዷ ሴት ልጅ 123። ደምሩት፤ ልክ ይመጣል። በየሰፈራችን በውርስ የተቃቃሩ ወንድምና እህት አይጠፉም። የእህት ድርሻ አንዳንዴ የሚቀረው ሕጉ ተክዶ ሳይሆን፣ ስሌቱን ጨርሶ የሚያሳይ ሰው ጠፍቶ በግምት ስለሚከፈል ነው እንላለን።

ጀብር ማለት የተሰበረን መጠገን ነው። በዐረብኛ የወጌሻም ሥራ በዚሁ ቃል ይጠራል፤ በስፔንም ወጌሻ ለብዙ ዘመን አልጀብሪስታ ይባል ነበር። በስሌት ሲሆን የተቀነሰውን ወደ ሌላው ወገን አሻግሮ ጎዶሎውን መሙላት ነው። ሙቃበላ ደግሞ በሁለቱም ወገን ያለውን እኩል መጠን አቀናንሶ ማስቀረት ነው። ኤክስና ዋይ አልነበሩትም፤ ቁጥሮቹን እንኳ በዚህ መጽሐፍ በቃላት ነው የጻፋቸው።

አንድ ካሬና አሥር ሥሩ ተደምረው 39 ቢሆኑ፣ ሥሩ ስንት ነው? ኸዋሪዝሚ መልሱን ሰጥቶ አላለፈም፤ ሥዕል ሣለ። በካሬው አራት ጎኖች ላይ 2.5 ስፋት ያላቸው አራት ሬክታንግሎች ለጠፈ። እስካሁን ያለው ስፋት 39 ነው። አራቱ ማዕዘኖች ግን ባዶ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው 6.25፣ ባንድነት 25። ሲሞሉ ትልቁ ካሬ 64፣ ጎኑም 8 ይሆናል። ከግራና ከቀኝ የተለጠፈውን 5 ስንቀንስ 3 ይቀራል። ኮምፕሊቲንግ ዘ ስኩዌር ብለን ዘጠነኛ ክፍል ላይ የሸመደድነው ይኸው ነው። ስሙ የሥዕል ስም መሆኑን ያስተዋለ ግን ጥቂት ነው።

ከጀመዓችን የሒሳብ ተማሪዎች ጥቂቶቹ በአማኑኤል ከተማ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች የቅዳሜ ማጠናከሪያ ሊሰጡ ተነስተዋል፤ ለሙስሊሙም ለክርስቲያኑም። የመረጡት መሣሪያ ጂኦጀብራ ነው። ማርኩስ ሆሄንቫርተር በኦስትሪያ ሳልዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ሲማር እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመረው ነጻ መሣሪያ ሲሆን፣ የስሙ ግማሽ ከኸዋሪዝሚ መጽሐፍ ርእስ የመጣ ነው። በድረ ገጽ ይከፈታል፤ መተግበሪያው አንዴ ከወረደ ግን ኔትወርክ ቢጠፋም ይሠራል። ተማሪው የጎኑን ርዝመት በጣቱ ሲጎትት ካሬው ይሰፋል፣ ይጠባል፣ ቁጥሩም አብሮ ይቀየራል፤ 3 ላይ ሲደርስ 39 ሲሞላ በዓይኑ ያያል።

ጥያቄውን በካሜራ አንስቶ መልሱን የሚያወጣው ፎቶማዝም አለ። መልስን ለማመሳከር ይጠቅማል። ማዕዘኖቹ ለምን እንደሚሞሉ ገና ላልገባው ልጅ ግን መጀመሪያ እሱን ማሳየት አይበጅም ባዮች ነን። ስልክ የሌለው ልጅ ካርቶን ቆርጦ ያንኑ ካሬ ይሠራዋል፤ ባግዳድም ስልክ አልነበረም።

ኸዋሪዝሚ የከዋክብት ሠንጠረዥ አዘጋጅቷል። ስለ ምድር ገጽ በጻፈው መጽሐፍም ከ2400 የሚበልጡ ቦታዎችን መገኛ መዝግቧል፤ በ1037 የተገለበጠው ቅጂ ዛሬ በፈረንሳይ ስትራስቡርግ ይገኛል። በውስጡ ካሉት አራት ካርታዎች አንዱ የናይል ነው፤ ጎጃምን ዞሮ የሚወርደው ዓባያችን የሚገባበት።

እ.ኤ.አ. በ850 አካባቢ አረፈ። በ1145 የቼስተሩ ሮበርት አልጀብራውን ስፔን ውስጥ ወደ ላቲን መለሰው። ስለ ሕንድ ቁጥሮች የጻፈው መጽሐፍ የዐረብኛ ቅጂ ጠፍቶ የተረፈው በላቲን ነው፤ በዚያ ስሙ አልጎሪትሚ ተብሎ ተጻፈ።

ለአማኑኤሉ ትምህርት መሄድ የምትፈልጉ መተግበሪያውን ግቢ ውስጥ ሳላችሁ አውርዱ፤ ቻርጅ አድርጋችሁም ያዙ። ቅዳሜ ከፈጅር ሶላት በኋላ መናኸሪያ እንገናኛለን።