ዝናብን በቁጥር የፈለገው ሰው፤ ጊልበርት ዎከር

ከዲላ ተነሥቶ በይርጋ ጨፌና በቡሌ ሆራ በኩል ወደ ያቤሎ የሚወርድ መንገደኛ በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት ዓለም ያያል። ጧት የእንሰቱንና የቡናውን ጥላ ለቆ ይነሣል፤ ከሰዓት በኋላ ግራርና ቀይ አፈር፣ በውሃ ጉድጓድ ዙሪያ የተሰለፈ ከብት ይቀበለዋል። እኛም ሠልጣኞቹ እንደዚሁ ነን፤ ከደጋው የመጣን አለን፣ ከቆላው የመጣንም አለን። ታዲያ ማታ ማታ በመኝታ ክፍላችን ወሬው ወደ ዝናብ የዞረ እንደሆነ ክርክሩ አያልቅም። አንዱ የዘመኑን ወንጌላዊ ይጠራል፤ ሌላው የቦረና አያንቱዎች ከዋክብት ቆጥረው የሚሉትን፣ ሽማግሎችም የታረደ ከብት አንጀት ተመልክተው የሚናገሩትን ያነሣል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሬዲዮ ሰምቶ መጥቶ ኤልኒኖ ነው ይላል። ኤልኒኖ ምንድን ነው ተብሎ ሲጠየቅ ግን ዝም።

ይህ ዝምታ ነው ዛሬ ብዕር ያስነሣን። ከኤልኒኖ ወሬ ጀርባ አንድ ሰው አለ። ሰውየው እንግሊዛዊ ነው፣ ዕድሜውን ያሳለፈበት ሥራም የሕንድ ዝናብ ነው፤ ይሁን እንጂ የእኛን ክረምት በስሌቱ ውስጥ አስገብቶታል። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካላልን በቀር ዓመቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጊልበርት ቶማስ ዎከር የተወለደው በጁን 1868 ነው፤ ይኸውም አፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ካረፉ ከሁለት ወር በኋላ መሆኑ ነው። በካምብሪጅ ሒሳብ አጥንቶ በ1889 የዩኒቨርሲቲው የሒሳብ ፈተና አንደኛ ሆኖ አለፈ። በዚያ አገር ይህ ማዕረግ ቀላል አይደለም። ጥናት ግን ጤናውን ጎዳውና ጥቂት ክረምቶችን በስዊዘርላንድ ተራራዎች አሳለፈ። ከዚያም በካምብሪጅ ማስተማር ያዘ። ተማሪዎች ያወጡለት ቅጽል ስም ቡመራንግ ዎከር የሚል ነበር። ቡመራንግ የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች የሚወረውሩት፣ ዞሮ ወደ ወርዋሪው የሚመለስ ቆልማማ እንጨት ነው። ዎከር ሜዳ ላይ ይወረውረዋል፣ ማታ ደግሞ ለምን እንደሚመለስ በሒሳብ ይጽፋል። ዋሽንትም ይወድ ነበር፤ የዋሽንትን አሠራር ሳይቀር አጥንቷል። እንዲህ ያለ መምህር ቢኖረን ብለን መመኘታችንን አንደብቅም።

ወደ ሕንድ የወሰደው ሌላ ታሪክ ነው። በሕንድ ሞንሱን የሚባለው የበጋ ነፋስ ዝናብ ይዞ ይመጣል፤ የቀረ እንደሆነ ሕዝቡ ያልቃል። በ1877 እንዲሁ ቀረና የሞተው ሰው በሚሊዮን ተቆጠረ። የቅኝ ገዢው መንግሥት የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት ያቋቋመው ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ነበር። የመጀመሪያው ኃላፊ ሄንሪ ብላንፎርድ በሂማላያ ተራሮች ላይ በረዶ የበዛበት ዓመት ዝናቡ ይሳሳል የሚል ምልክት ይዞ ትንበያ ጀመረ። ተተኪው ጆን ኤልየት ምልክቶቹን አበዛ፤ የትንበያው ጽሑፍም እየረዘመ ሄደ። በ1899 ኤልየት ከመደበኛው የበለጠ ዝናብ ይኖራል ብሎ አስታወቀ። የመጣው ድርቅ ነበር፤ ያውም ከከባዶቹ አንዱ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ያ ጽሑፍ ለገበሬው እህልህን አትቆጥብ እንደማለት ነው።

በ1904 ኤልየት ጡረታ ሲወጣ ቦታው ለዎከር ተሰጠ። ሰውየው የሜትሮሎጂ ትምህርት አልነበረውም! የተፈለገው ለሒሳቡ ነው። እርሱም ሲደርስ የአየርን ጠባይ በንድፈ ሐሳብ ልፍታው አላለም፤ ያን ጊዜ የማይቻል መሆኑን አይቷል። በዚህ ፈንታ መዝገቦችን ሰበሰበ። ከዓለም ዙሪያ የአየር ግፊት፣ የሙቀት፣ የዝናብ፣ የወንዝ ሙላት ቁጥሮች ወደ ሲምላ ጽሕፈት ቤቱ ጎረፉ። ኮምፒዩተር የሚባል ነገር የለም። የሚደምሩት፣ የሚያባዙት፣ የሚያካፍሉት ሕንዳውያን ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ስማቸውን የሚያነሣ ጥቂት ነው፣ የሥራው ጀርባ ግን እነርሱ ናቸው።

ስሌቱ ተዛምዶ ይባላል። መምህሮቻችን በሰሌዳ ያሳዩናል፤ እዚህ ባጭሩ እንዲህ ነው። በአንድ ዓምድ የሠላሳ ዓመት ዝናብ ጻፍ፤ በጎኑ የሠላሳ ዓመት የሌላ ነገር ቁጥር፣ ለምሳሌ የሩቅ ከተማን የአየር ግፊት ጻፍ። ሁለቱ አብረው የሚወጡና የሚወርዱ ከሆነ ውጤቱ ወደ 1 ይጠጋል፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው የሚወርድ ከሆነ ከዜሮ በታች ወደ 1 ይሄዳል፤ ዝምድና ከሌላቸው ዜሮ አካባቢ ይቀራል። አስተውሉ፤ የሠመረው ዓመት ብቻ ሳይሆን የሳተውም እኩል ይቆጠራል። በመኝታ ክፍላችን ክርክር የሚጎድለው ይኸው ነው። ምልክቱ የያዘለትን ዓመት ሁሉም ያስታውሳል፣ ያልያዘለትን ማን ይጽፋል?

ዎከር ለራሱ ምልክቶችም አልራራም። የፀሐይ ነጠብጣብ ዝናብን ይገዛል የሚለው ሐሳብ በዘመኑ ብዙ ደጋፊ ነበረው፤ ቁጥሩን አስልቶ ዝምድናው ደካማ መሆኑን አሳየ። በ1914 ደግሞ ከዚህ የጠለቀ ነገር ጻፈ። መቶ ምልክት ብንሞክር ከመቶው ጥቂቱ በአጋጣሚ ብቻ ከዝናቡ ጋር የሚሄድ ይመስላል። ሎተሪ እንደማለት ነው፤ ዕጣ የወጣለት ሰው ዐዋቂ አይባልም። ስለዚህ አንድ ምልክት ከብዙዎች መካከል ተመርጦ ከሆነ ፈተናው ሊጠብቅበት ይገባል፤ ምን ያህል መጥበቅ እንዳለበትም በቀመር አስቀመጠ። ምልክቶቹ ደካማ በሆኑበት ዓመትም ከመናገር ዝም ማለት ይሻላል የሚል ሰው ነበር።

በመካከል አንድ ጨዋታ እንጨምር። በ1913 ዎከር ማድራስ ከተማ በሄደ ጊዜ የአንድ ድኃ ጸሐፊ የሒሳብ ደብተር አሳዩት። ደብተሩን አይቶ ይህ ልጅ ከጽሕፈት ሥራ ወጥቶ በምርምር ላይ እንዲቆይ ለዩኒቨርሲቲው ደብዳቤ ጻፈ። ልጁ ራማኑጃን ነበር፤ በኋላ ዓለም ያወቀው የሒሳብ ሊቅ።

ወደ ዝናቡ እንመለስ። ከመዝገቦቹ አንዱ የዓባይ ሙላት ነበር። ግብፃውያን ሙላቱን ለዘመናት ሲለኩ ኖረዋል፤ ሙላቱ ማለት ደግሞ የእኛ ደጋ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ማለት ነው። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ ከመቶ 85 ያህሉ ከኢትዮጵያ ይወጣል። የሕንድ ዝናብ በቀረበት በ1877 ዓባይ ጎድሎ ነበር፤ በ1899ም እንዲሁ ጎደለ። በመካከል ያለው 1888 ለእኛ የክፉ ቀን መጀመሪያ፣ የ1880 ዓ.ም. ክረምት ነው፤ ያን ጊዜም ሙላቱ ዝቅ ብሏል። ከብቱን የፈጀው ደስታ በሽታ ነው፣ ዝናቡም አላገዘም።

ከሃያ ዓመት ስሌት በኋላ የዎከር ሥዕል ጠራ። በሰላማዊ ውቅያኖስ በኩል የአየር ግፊት ከፍ ሲል በሕንድ ውቅያኖስ ዙሪያ፣ ከካይሮ እስከ ዳርዊን፣ ዝቅ ይላል፤ ሌላ ዓመት ይገለበጣል። ሁለት ልጆች በአንድ እንጨት ጫፍና ጫፍ ተቀምጠው ሲወዛወዙ እንደማለት ነው። ይህን የደቡብ ዥዋዥዌ ብለን እንተርጉመው። በ1924 ባሳተመው ጽሑፍ ዥዋዥዌው ወደ አንዱ ጎን ሲያጋድል ዝናብ የሚጨምርላቸውን አገሮች ሲዘረዝር ሕንድንና ጃቫን በእርግጠኝነት ጻፈ፤ አውስትራሊያንና አቢሲኒያን ግን በግምት አስገባ። አገራችን በዚያ ጽሑፍ የገባችው በዚህች በግምት በምትል ቃል ነው።

በዚያው ዓመት ሰር የሚል ማዕረግ ተቀብሎ ሕንድን ለቀቀ፤ እስከ 1934 በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ አስተማረ። ትችቱ ግን አልቀረለትም። ዳርዊን ላይ ባሮሜትር ቢወጣ የሌላ አህጉር ገበሬ ለምን ይራባል? መንሥኤው የታለ? ዎከር መልስ አልነበረውም፤ ሌሎች እንዲፈልጉት ተወው። ብዙዎች ሥራውን የቁጥር ጨዋታ አድርገው አዩት። በኖቬምበር 1958 በዘጠና ዓመቱ ሲሞት የታወቀበት ነገር ገና ክርክር ላይ ነበር።

የሚያሳዝነው፣ መልሱ በዚያው ሰሞን ባሕር ላይ እየተለካ ነበር። በ1957 እና በ1958 ብርቱ ኤልኒኖ ሆነ፤ ዓለም አቀፉ የምድር ጥናት ዓመትም ገጠመና የሰላማዊ ውቅያኖስ ሙቀት በሰፊው ተመዘገበ። ያኮብ ብየርክኔስ የተባለ ሳይንቲስት ይህን መዝገብ ይዞ በ1969 ምሥጢሩን ፈታው። በደህና ጊዜ ነፋሱ የሞቀውን የባሕር ውሃ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኢንዶኔዥያ ይገፋዋል፤ ዝናቡም እዚያ ይወርዳል። ነፋሱ ሲደክም ሙቁ ውሃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ ዝናቡ ይከተለዋል፣ የግፊቱም ዥዋዥዌ ይገለበጣል። ኤልኒኖ ማለት ይኸው ነው፤ ተቃራኒው ላኒና ይባላል። ብየርክኔስ ያንን የነፋስ ዑደት በዎከር ስም ጠራው።

ለእኛስ? ኤልኒኖ በሆነበት በ1972፣ ማለትም በ1964 ዓ.ም. ክረምት፣ ዝናቡ ጎድሎ የወሎ ረሃብ ተከተለ። በ2007 ዓ.ም. ክረምትም እንደዚሁ ሆነና በዓመቱ 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈለገ። ዳሩ ግን ድርቅ ሁሉ የኤልኒኖ ልጅ አይደለም፤ በ1976 ዓ.ም. ክረምት ኤልኒኖ አልነበረም፣ ድርቁ ግን ነበር፤ ረሃብ እንዲሆን ደግሞ ጦርነቱም አግዟል። በ1973 ዓ.ም. ከሲቪል አቪዬሽን ወጥቶ ራሱን የቻለው የሜትሮሎጂ መሥሪያ ቤት፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው፣ ከየወቅቱ በፊት የባሕሩን ሁኔታ ያያል፤ ከዱሮ ዓመታት ይህን የመሰለው የትኛው ነው ብሎ ይፈልጋል። ውጤቱንም ከመደበኛ በላይ፣ መደበኛ፣ ከመደበኛ በታች ብሎ በመቶኛ ይሰጣል።

አሁን ከቆላ የመጣችሁ ጓደኞቻችን ልብ በሉ። ሬዲዮው ኤልኒኖ ሲል የሰሜኑ ሰው ይደነግጣል፤ ቦረና ግን ዋና ዝናቡ በክረምት አይደለም። የእርሱ ወቅቶች ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ገና እና ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ሐገያ ናቸው። ኤልኒኖ የሐገያን ዝናብ ብዙውን ጊዜ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም፤ የሚያስፈራው ላኒና ነው። ከ2020 እስከ 2022 ላኒና ሦስት ዓመት ተከታትሎ ቆየ፤ በቦረና አምስት ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ከብቱ አለቀ። አንዱ ወሬ ለወሎ ክፉ፣ ለያቤሎ ደግ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። እኛ ጌዴኦዎች በሁለቱ መካከል ነን፤ ዝናባችን ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እያረፈ ይቀጥላል፣ ከወዲያም ከወዲህም ይነካናል።

ዥዋዥዌው በክረምት ወዲህ ወይም ወዲያ ካጋደለ እስከ ታኅሣሥ ብዙም አይለወጥም፤ ይህንንም ዎከር ደርሶበታል። ስለዚህ የሐገያ ትንበያ ከሌሎቹ ይልቅ ይቀላል። የበልጉ ግን ያስቸግራል። የቡናችን አበባ የሚጠብቀው፣ የቦረና ግጦሽም የሚነሣበት ያ የመጀመሪያ ዝናብ ከዥዋዥዌው ጋር ያለው ተዛምዶ ደካማ ነው፤ ሌሎች ባሕሮች፣ በተለይ የሕንድ ውቅያኖስ፣ ይገቡበታል። ሊቃውንቱ ዛሬም ሁለቱን ዓምዶች ጎን ለጎን እያደረጉ ይፈልጋሉ።