ለወዳጁ መታሰቢያ ያቆመው ጸሐፊ
የሞደስት ሙሶርግስኪ የሕይወት ታሪክ

ለዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንድ የሩሲያ የሙዚቃ ደራሲ ልንጽፍላችሁ አስበናል። የሩቅ አገር ሰው ከእኛ እድር ጋር ምን አገናኘው የሚል አይጠፋም። ሰውዬው እንደኛው የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበረ፤ ወዳጁ በሞተበት ጊዜ የሠራው ሥራ ደግሞ ሐዘን ለሚያውቅ ሁሉ የሚገባ ነው። የቀለም ትምህርታችን ከአንደኛ ደረጃ ባያልፍም፣ ከጡረታ ወዲህ አንብበንና አዳምጠን የተረዳነውን እናካፍላችሁ። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ሞደስት ሙሶርግስኪ በ1839 በሩሲያ፣ በፕስኮቭ ግዛት፣ ካሬቮ በምትባል መንደር ከባለርስት ቤተሰብ ተወለደ። ፒያኖ በመጀመሪያ ያስተማረችው እናቱ ናት። በ10 ዓመቱ ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ተወሰደ፤ በወታደር ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላም በ1856 ስመ ጥር በሆነው በፕረኦብራዤንስኪ የክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር ገባ። ልቡ ግን ከሙዚቃው ዘንድ ነበረና በ1858 ውትድርናውን ተወ።

በ1861 በሩሲያ ገባሮች ነፃ ሲወጡ የቤተሰቡ ሀብት እየተመናመነ ሄደ። ስለዚህም በ1863 በመንግሥት መሥሪያ ቤት በጸሐፊነት ተቀጠረ። በ1867 ስሙ ከመዝገብ ሳይፋቅ ደመወዙ ቆመበት። በ1869 እንደገና በደን አስተዳደር ክፍል ሥራ አገኘ። እኛም ዕድሜያችንን በብዕርና በመዝገብ መካከል ስላሳለፍን፣ ይህ ኑሮ ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረን አያስፈልገንም። ቀን የሌላውን ጉዳይ ስትጽፍ ውለህ፣ ማታ ለራስህ ጉዳይ የሚተርፍህ ጉልበት ጥቂት ነው። እሱ ግን በዚያች በተረፈችው ጉልበት ቦሪስ ጎዱኖቭ የተባለውን ትልቅ ኦፔራ ደረሰ፤ በ1874 መጀመሪያም በማሪንስኪ ቲያትር ታየለት።

ወዳጅ አላጣም። ከ1871 ጀምሮ ከሙዚቃ ደራሲው ከሪምስኪ ኮርሳኮቭ ጋር አንድ ክፍል ተከራይተው ይኖሩ ነበር። ያላቸው ፒያኖ አንድ ብቻ ስለሆነ በተራ ይጠቀሙበታል፤ ጠዋት ሙሶርግስኪ ይሠራበታል፣ እኩለ ቀን ላይ እሱ ወደ ቢሮው ሲሄድ ደሞ ፒያኖው ለጓደኛው ይሆናል። ይህን ጓደኛውን ልብ በሉልን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ሌላው የልብ ወዳጁ ሠዓሊና የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ የነበረው ቪክቶር ሃርትማን ነው። ሃርትማን በ1873 ገና በ39 ዓመቱ በድንገት ሞተ። ሙሶርግስኪ በብርቱ አዘነ። ስታሶቭ የተባለ የሁለቱም ወዳጅ በሚቀጥለው ዓመት የሟቹን ሥራዎች ሰብስቦ፣ ከ400 በላይ የሚሆኑትን በሴንት ፒተርስበርግ የሥነ ጥበብ አካዳሚ ለሕዝብ አሳየ። ሙሶርግስኪም ያን ኤግዚቢሽን አየ። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር፣ ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ፣ የኤግዚቢሽን ሥዕሎች የተሰኘውን የፒያኖ ድርሰት ጽፎ ጨረሰ።

ድርሰቱ በ10 ሥዕሎች የተከፈለ ነው። በመካከላቸው ሰው ከሥዕል ወደ ሥዕል ሲራመድ የሚያሰማ ዜማ ይመላለሳል። ተራማጁ ሙሶርግስኪ ራሱ ነው፤ ወዳጁን በሥራው መካከል እየፈለገ ይዞራል። አንዱ ሥዕል በበሬ የሚጎተት ከባድ ጋሪ ነው። አንዱ ሃርትማን በፋኖስ ብርሃን የፓሪስ ከተማን የመሬት ውስጥ መቃብር ሲመለከት ያሳያል፤ ከዚህ በኋላ የእርምጃው ዜማ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይመጣል፣ ሙታንን እንደማነጋገር ያለ ነው። የመጨረሻው የኪየቭ ታላቅ በር ነው። ይህ በር ንጉሠ ነገሥቱ እስክንድር 2ኛ በ1866 ከተቃጣባቸው ግድያ ስለመትረፋቸው መታሰቢያ እንዲሆን የታሰበ ነበር። ሃርትማን ንድፉን አቀረበ፤ በሩ ግን ሳይሠራ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የሙሶርግስኪ ኑሮ እየከፋ ሄደ። መጠጥ በረታበት፤ በ1880 መጀመሪያ ከሥራው ወጣ። ወዳጆቹ ገንዘብ እያዋጡ ይረዱት ነበር። በ1881 በወታደር ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ሠዓሊው ሪፒን ከአልጋው አጠገብ መልኩን ሣለ። ሥዕሉ ዛሬም በሞስኮ በትሬትያኮቭ ቤተ ሥዕል ይታያል። ሥዕሉ ካለቀ ጥቂት ቀን በኋላ በዚያው በመጋቢት ወር፣ በ42 ዓመቱ አረፈ። ሪፒን ለሥዕሉ የተከፈለውን ገንዘብ ለራሱ አልያዘም፣ ለመቃብሩ ሐውልት ሰጠ። እድር ማለት ይህም አይደለም እንዴ?

የኤግዚቢሽን ሥዕሎች ግን ደራሲው በሕይወት ሳለ አንድ ጊዜም አልታተመም። ከወረቀቱ መካከል አንሥቶ በ1886 እንዲታተም ያዘጋጀው ያ በአንድ ፒያኖ አብሮት የሠራው ሪምስኪ ኮርሳኮቭ ነው። ምስጋና ይገባዋል። ሆኖም ጽሑፉን አንዳንድ ቦታ አስተካከልኩ ብሎ ለውጦታል። ለምሳሌ የበሬው ጋሪ በሙሶርግስኪ እጅ ጽሑፍ ከመነሻው በኃይል ይጀምራል፤ በታተመው ግን ከሩቅ በቀስታ ይመጣል። ፈረንሳዊው ራቬል በ1922 ድርሰቱን ለትልቅ ኦርኬስትራ ሲያቀናብር በታተመው ላይ ስለተመሠረተ፣ ጋሪው በዓለም ሁሉ ከሩቅ በቀስታ ሲመጣ ተሰማ። የሟች አደራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚፈልግ ከዚህ እንማራለን።

በ1970ዎቹ ደግሞ እንግሊዛዊው ኤልጋር ሃዋርዝ ሥራውን ለናስ የትንፋሽ መሣሪያዎች አቀናበረው። የፊሊፕ ጆንስ የናስ ቡድንም ተጫወተው። የናስ መሣሪያ ለእኛ አገር እንግዳ አይደለም፤ ከዓድዋ ድል በኋላ የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ኒኮላስ 2ኛ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ ልከው ነበር። ማርሽ ባንድ ሲያልፍ ያላየ አባል ከመካከላችን የለም።

ፒያኖን ወደ ጥሩምባ መገልበጥ ቀላል ይመስል ይሆናል። እኛ በመሥሪያ ቤት ግልባጭ ስናወጣ ከዋናው አንድ ፊደል ማጉደል አይፈቀድልንም ነበር። ማቀናበር ግን ግልባጭ አይደለም። ፒያኖ ሲመታ መዶሻው ሽቦውን ነክቶ ይመለሳል፤ ድምፁም ከተወለደበት ቅጽበት ጀምሮ መሞት ይጀምራል። የናስ መሣሪያ በትንፋሽ ነውና ድምፁን ይዞ ያቆየዋል፣ ሲሻው ያሳድገዋል። የመቃብሩ ሥዕል ረጃጅም ድምፆች በፒያኖ ላይ እየከሰሙ ሲሄዱ፣ በትሮምቦንና በቱባ ግን እንደ ድንጋይ ይቆማሉ። ራቬልም ያንን ክፍል በአብዛኛው ለናሶች የሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም።

ችግሩም አለ። ጣት ቶሎ ቶሎ የሚሮጥበትን ቦታ ከንፈርና ምላስ እንዲያደርሰው ይቸገራል። ጥሩምባ ነፊ መተንፈስ አለበት፤ ከንፈሩም ይደክማል። ስለዚህ አቀናባሪው አንዱን ዜማ ለብዙ ሰው ያካፍላል፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይቀበላል። ከእንቁላላቸው ያልወጡ ጫጩቶች ለሚጨፍሩበት ቀጭን ድምፅ ደግሞ በመሣሪያው አፍ ላይ የሚገባ ማፈኛ አለ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ እንደሚባለው ነው፤ በአንድ ሰው 10 ጣቶች ላይ የነበረው ሸክም ለብዙ ሰው ትንፋሽ ይከፋፈላል። ያልተሠራው የኪየቭ በርም በመጨረሻ በእነዚህ ሁሉ ትንፋሽ ይቆማል።

እንግዲህ ነገሩን ስናጠቃልለው፣ ሃርትማንን ሙሶርግስኪ አሰበው፤ ሙሶርግስኪን ሪምስኪ ኮርሳኮቭ፣ ራቬል፣ ሃዋርዝ አሰቡት። ድምፁ ከፒያኖ ወደ ናስ ተለወጠ፤ ሐዘኑና ፍቅሩ ግን አልተለወጠም። አደራ ተቀባይ ልብሱን ሊቀይር ይችላል፣ ልቡን ግን እንዳይነካ ያስፈልጋል። እኛም ሟቾቻችንን ቀብረን ድንኳን ከነቀልን በኋላ የጀመሩትን ሥራ የሚያነሣ ሰው ከመካከላችን እንዲገኝ እንመኛለን። በዓመቱ በሰላም ያገናኘን።