አበበ ቢቂላ ማንን አሸነፈ?

የቦክስ ወዳጆች ስለ አንድ ሻምፒዮን ሲከራከሩ ስንት ጊዜ አሸነፈ ብለው አያቆሙም። ማንን አሸነፈ ብለው ይጠይቃሉ። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል። ይሁንና ስሙ በተነሳ ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ1951 የረታው ታላቁ ጆ ሉዊስ 37 ዓመት የሞላውና ጉልበቱ የደከመ ሰው ነበር እየተባለ ከድሉ ላይ ይቀነስበታል። መሐመድ አሊ በበኩሉ አምስት ጊዜ ተሸንፏል። ግን ሊስተንን፣ ፍሬዘርንና ፎርማንን በማሸነፉ ሽንፈቱን የሚቆጥርበት ሰው ጥቂት ነው። በ1971 ያሸነፈውን ፍሬዘርን እንደገና ገጥሞ ሁለት ጊዜ መርታቱም ስሙን የበለጠ አገነነው።

ታዲያ ይህን ሚዛን አምጥተን የኛውን ጀግና ብንመዝንበትስ? እዚህ ቆቦ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን ስለ አበበ ቢቂላ ብንጠያየቅ ሁላችንም ሮምን እናውቃለን፣ ባዶ እግሩንም እናውቃለን። ሁለተኛ ማን ወጣ ቢባል ግን መልስ የሚሰጠው ጥቂት ሰው ነው። በሮምና በቶኪዮ አውራ ጎዳና ላይ አበበ ለብቻው የሮጠ ነው የሚመስለው። እንደኔ እምነት ይህ አተራረክ ለክብሩ ታስቦ የሚደረግ ቢሆንም የሚያሳንሰው ግን እሱኑ ነው።

አበበ ነሐሴ 1 ቀን 1924 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ጃቶ በምትባል ቦታ ተወለደ። አድጎ አዲስ አበባ ገባና በክብር ዘበኛ ተቀጠረ። እዚያም ስዊድናዊው አሰልጣኝ ኦኒ ኒስካነን አገኘው። ሮም ላይ የሮጠው ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ማለትም በእንቁጣጣሽ ዋዜማ ነው። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር መሆኑ ይታወቃል። ለእኛ በሚገባን ብናስቀምጠው ከቆቦ ወደ ወልዲያ ጉዞ ጀምሮ ወልዲያ ለመግባት ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር እንደመቆም ማለት ነው። አበበ ይህን ርቀት በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ጨረሰው።

እንግዲህ ወደ ሚዛኑ እንምጣ። በዕለቱ 69 ሯጮች ነበሩ። የ1956ቱ የኦሎምፒክ ባለድል ፈረንሳዊው አሊ ሚሙን አንዱ ነው። እሱ ግን 39 ዓመቱ ነበር፣ የጨረሰውም 34ኛ ሆኖ ነው። እሱን ማሸነፍ ማርሲያኖ ጆ ሉዊስን እንዳሸነፈው ዓይነት ስለሆነ አንቁጠረው። የሶቭየት ኅብረቱ ሰርጌይ ፖፖቭ ግን ሌላ ነው። በ1958 የአውሮፓን ሻምፒዮና በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ17 ሰከንድ ሲያሸንፍ የዓለም ፈጣን ሰዓት ባለቤት ሆኗል። ሮም ሲመጣም ገና ሠላሳ አልሞላውም። አምስተኛ ወጣ። ሰዓቱንም አበበ ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ወሰደበት።

ሁለተኛ የወጣው ሞሮኳዊው ራዲ ቤን አብደሰላም በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉን የአገር አቋራጭ ውድድር ያሸነፈ ሰው ነው። አበበ ከሩጫው በፊት ራዲን እንዲጠብቅ ተነግሮት እንደነበር ይተረካል። የተነገረው የመለያ ቁጥር ግን ሌላ ስለነበር፣ ራዲ ጎን ለጎን አብሮት እየሮጠ እሱ ወደ ፊት እያየ ያንን ቁጥር ሲፈልግ ነበር ይባላል። በመጨረሻ በአክሱም ሐውልት አካባቢ ጥሎት ሄደ፣ በ25 ሰከንድም ቀደመው። ሦስተኛ የወጣው የኒውዚላንዱ ባሪ ማጊ ከሦስት ወር በኋላ የጃፓኑን የፉኩኦካ ማራቶን አሸንፏል። እነዚህ ሰዎች ተራ ሯጮች አልነበሩም ማለት ነው።

በ1961 አበበ አቴንስ፣ ኦሳካና ኮሺትሴ ላይ አከታትሎ አሸነፈ። ቀጥሎ የመጣውን ግን ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፈዋለን። በ1963 ቦስተን ላይ ተሸነፈ። እሱና ማሞ ወልዴ በፈጣን ሰዓት ሲመሩ ቆዩና ዳገቱና ቀዝቃዛው ነፋስ ሲመጣ ደከሙ። ቤልጂየማዊው ኦሬል ቫንደንድሪሼ አሸነፈ። እንግሊዛዊው ብራያን ኪልቢ ሦስተኛ ሲወጣ አበበ አምስተኛ ሆነ። የኛ ተረት ጀግና ሲሸነፍ አይወድም መሰለኝ፣ ይህ ሩጫ ሲነሳ ብዙም አይሰማም። ነገር ግን ቦስተንን ያላወቀ ሰው ቶኪዮን በትክክል ሊያደንቅ አይችልም።

ምክንያቱም ቶኪዮ የመጡት እነማን ናቸው? ከሮም በኋላ የአበበ ሰዓት ሦስት ጊዜ ተሰብሯል። በ1963 መጀመሪያ ጃፓናዊው ቶሩ ቴራሳዋ አሻሻለው፤ በዚያው ዓመት አሜሪካዊው ሊዮናርድ ኤደለን፤ በ1964 ደግሞ እንግሊዛዊው ባሲል ሂትሊ 2 ሰዓት ከ13 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አደረሰው። ሦስቱም ቶኪዮ ላይ ተሰልፈዋል። በቦስተን ከፊቱ የገቡት ቫንደንድሪሼና ኪልቢም አሉ፤ ኪልቢ የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆኖ ነው የመጣው። የ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሪከርድ ባለቤት የሆነው አውስትራሊያዊው ሮን ክላርክ ደግሞ ከመነሻው አንስቶ ሩጫውን በኃይል አፈጠነው። በአጭሩ አበበን ያሸነፈው፣ ሰዓቱን የወሰደበት፣ ከእሱ ይፈጥናል የተባለው ሁሉ አንድ ቀን አንድ መንገድ ላይ ተገናኘ። እሱ ደግሞ የትርፍ አንጀት ቀዶ ሕክምና ካደረገ ገና ስድስት ሳምንት አልሞላውም።

ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. የሆነው ይኸው ነው። ክላርክ ግማሽ መንገድ ሳይደርስ ወደ ኋላ ቀረ፣ ዘጠነኛም ወጣ። እስከ መጨረሻው አካባቢ ሁለተኛ ሆኖ ሲከተል የነበረው የአየርላንዱ ጂም ሆጋን አቋረጠ። አበበ በዚህ ጊዜ ጫማ አድርጎ ነው የሮጠው፤ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ሂትሊ ከ4 ደቂቃ ከ8 ሰከንድ በኋላ ሁለተኛ ሆነ። ኪልቢ አራተኛ፣ ኤደለን ስድስተኛ፣ ቫንደንድሪሼ ሰባተኛ፣ ቴራሳዋ 15ኛ ወጡ። ኦሎምፒክ ማራቶንን በተከታታይ ሁለት ጊዜ ያሸነፈ የመጀመሪያው ሰውም እሱ ሆነ።

እርግጥ ነው፣ ሚዛኑ በሌላ በኩልም ይከራከራል። የዛሬው ማራቶን የኬንያውያንና የራሳችን ልጆች ፉክክር ነው። ያኔ ኬንያውያን በማራቶን ገና አልገነኑም ነበር፤ ዛሬ አንድ ትልቅ ውድድር ላይ የሚሰለፈው የፈጣን ሯጭ ብዛት ያኔ የለም። ይህ እውነት ነው፣ መካድም አያስፈልግም። ግን ሰው የሚመዘነው በዘመኑ ከነበሩት ጋር ነው። ከዚያም በላይ በቦክስ ተጋጣሚን አስተዳዳሪ ይመርጣል፣ አስፈሪውን ሸሽቶ ደካማውን መግጠም ይቻላል። ኦሎምፒክ ላይ ማንም ለአበበ ተፎካካሪ አልመረጠለትም። በመነሻው መስመር ላይ የቆመውን ሁሉ ነው የገጠመው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ አሳዛኝ ነው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ በእግር ጉዳት 17 ኪሎ ሜትር አካባቢ ሲያቋርጥ ማሞ ወልዴ አሸነፈ። የማሞ ድል አበበ ስለቀረ የተገኘ ተብሎ ሲነገር መስማት ደስ አይልም፤ ማሞም የራሱን ተፎካካሪዎች አሸንፎ ነው የገባው። በ1969 አበበ በመኪና አደጋ መራመድ ተሳነው። በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖም እንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳድሯል፣ ኖርዌይ ላይም በበረዶ መንሸራተቻ ውድድር ተሳትፏል። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. በ41 ዓመቱ አረፈ።

ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ መልሱ አጭር ነው። በሮም የወቅቱን ፈጣን ሰው፣ በቶኪዮ ደግሞ ሰዓቱን የወሰዱበትን ሦስቱንና ቦስተን ላይ የረታውን ሰው አሸንፏል። ባዶ እግሩ ለፎቶግራፍ ያምራል፤ ሚዛን ላይ የሚከብዱት ግን እነዚህ ስሞች ናቸው። እኛ ነገ በጋዜጣና በሬዲዮ ስለ ሩጫ የምንዘግብ ተማሪዎች አንደኛ የወጣውን ብቻ ጠርተን የምናልፍ ከሆነ ድሉን ግማሽ አድርገን ነው የምናወራው። ሁለተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሰባተኛ የወጣው ሰው ማን እንደነበር ስንነግረው ነው አንባቢ የአንደኛውን ልክ የሚያውቀው።