ለተማሪ ማደሪያና መጽሐፍ ያዘጋጁት የሐይቁ መምህር

በደቡብ ወሎ ዞን ከደሴ ከተማ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀት ላይ የሚገኘው የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በአገሪቱ የትምህርት ታሪክ ውስጥ ልዩ ስፍራ አለው። ቤተ ክርስቲያኑ ቀደም ብሎ የተመሠረተ ቢሆንም፣ ስፍራውን የታወቀ ትምህርት ቤት ያደረጉት በ13ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ የተወለዱት በላስታ አቅራቢያ በምትገኘው ዳህና ነው። ትምህርት ፍለጋ ወደ ትግራይ ተጉዘው በደብረ ዳሞ ገዳም በአባ ዮሐኒ ሥር ለዓመታት ተምረዋል። ገድላቸው እንደሚያስረዳው በገዳሙ በጉልበት ሥራ ከማገልገላቸው ባሻገር መጻሕፍት መገልበጥንም ተምረዋል።

በዘመኑ ከፍተኛ የመንፈሳዊ ትምህርት የሚሰጥባቸው ታላላቅ ገዳማት በአብዛኛው በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል የተወሰኑ ነበሩ። ከአማራና ከሸዋ የሚነሳ ወጣት ለመማር ሳምንታት የሚፈጅ የእግር ጉዞ ይጠብቀው ነበር። መንገዱ የከበደውና ስንቅ ያጠረው ተማሪ ከትምህርት ገበታ ውጪ መሆኑ አይቀርም።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1248 ዓ.ም ገደማ ወደ ሐይቅ መጥተው በዚያን ጊዜ በውኃ በተከበበችው ደሴት መኖር ሲጀምሩ ይህ ችግር መፍትሔ አገኘ። ከልዩ ልዩ አካባቢ የሚመጡ ወጣቶችን ተቀብለው ማስተማር ጀመሩ። በአንድነት ገዳም ሥርዓት ተማሪው የሚከፍለው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበቱን ነው፤ እንጨት እየሰበረ፣ ውኃ እየቀዳና እህል እየፈጨ ከማኅበሩ ማዕድ ይካፈላል። በዚህም የድኻው ልጅ ከባለጸጋው ልጅ ጋር እኩል የመማር ዕድል ያገኛል።

ሌላው የተማሪው ችግር የመጽሐፍ እጦት ነበር። አንድ መጽሐፍ ለማዘጋጀት በርካታ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ መፋቅ፣ ቀለም መበጥበጥና ለወራት መጻፍ ስለሚጠይቅ ተማሪ በግሉ ሊኖረው የሚችል ሀብት አልነበረም። አቡነ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳሙ መጻሕፍት በማሰባሰብ በአገሪቱ ከታወቁት የብራና ቤተ መጻሕፍት አንዱን መሥርተዋል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1280 እስከ 1281 ባለው ጊዜ የተዘጋጀውና እርሳቸው ለገዳሙ ያበረከቱት የአራቱ ወንጌላት መጽሐፍ እስከ ዘመናችን ደርሷል።

የድጋፉ ፍሬ በተማሪዎቻቸው ታይቷል። አቡነ ተክለ ሃይማኖት በሐይቅ ለዓመታት ከተማሩ በኋላ ወደ ሸዋ ተመልሰው፣ በኋላ ደብረ ሊባኖስ የተባለውን ደብረ አስቦ ገዳም መሥርተዋል። የጣና ሐይቁ የዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም መሥራች አባ ኂሩተ አምላክም በትውፊት ከሐይቅ ተማሪዎች ይቆጠራሉ። ስለዚህ በሐይቅ የተማረ ሁሉ በሐይቅ አልቀረም፤ የተቀበለውን ለሌላ ተማሪ አስተላልፏል።

በ1270 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሥልጣን የያዙት ዐፄ ይኩኖ አምላክም በትውፊት የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ ወዳጅ እንደነበሩ ይነገራል። የሐይቅ አበምኔቶች የዓቃቤ ሰዓትነትን ማዕረግ ይዘው በቤተ መንግሥት ለረጅም ዘመን ከፍተኛ ተሰሚነት ነበራቸው። የቤተ መንግሥቱ ወዳጅነት ለገዳሙ ጥበቃ ቢያስገኝም፣ ትምህርት ቤቱን ያቆመው የመምህሩ ትጋትና የማኅበሩ ሥራ ነው።

አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ አረፉ። ትምህርቱ ግን አልተቋረጠም። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ በዚሁ ገዳም የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ፣ በዜማ የሚደርሰውን የሰዓታት ጸሎት በመድረስ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሳል። የአቡነ ኢየሱስ ሞዓ መታሰቢያ በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

ከሕይወታቸው የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ተማሪን መርዳት አንድ ጊዜ ተሰጥቶ የሚያልቅ ምጽዋት አይደለም፤ ማደሪያ፣ ማዕድ፣ መጽሐፍና መምህር በአንድነት ሲሟሉ የአንድ ሰው ጥረት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይሸጋገራል።