ጂጎሮ ካኖ

ጂጎሮ ካኖ (ኦክቶበር 28 ቀን 1860 – ሜይ 4 ቀን 1938 እ.ኤ.አ.) ጁዶ የተባለውን የትግል ስፖርት የመሠረተ ጃፓናዊ መምህር ነበር።

ካኖ የተወለደው ዛሬ የኮቤ ከተማ ክፍል በሆነችው ሚካጌ ነው። አጭርና ቀጭን ስለነበር በትምህርት ቤት ጉልበተኞች ያጠቁት ነበር። ስለዚህ በ1877 ጁጁትሱ የሚባለውን የቆየ የትግል ጥበብ መማር ጀመረ። በ1882 ቶኪዮ በሚገኘው በኤይሾጂ የቡድሃ ቤተ መቅደስ ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ትምህርት ቤት ከፈተ። የመለማመጃው ስፋት 12 ምንጣፍ ብቻ ነበር።

== የአጣጣል ስልቱ ==

የቆመ ሰው የማይወድቀው የክብደቱ ማዕከል በእግሮቹ መካከል ካለው ቦታ እስካልወጣ ድረስ ነው። ካኖ ትልቅ ተጋጣሚን በጉልበት ከማንሳት በፊት ሚዛኑን ማሳጣት እንደሚያስፈልግ አስተማረ። አጣጣሉንም በሦስት ከፈለው፦
* ኩዙሺ፦ ሚዛን ማሳጣት
* ጹኩሪ፦ ተጠግቶ ገላን ማመቻቸት
* ካኬ፦ መጣል

ለምሳሌ ተጋጣሚው ሲገፋ ከመመከት ይልቅ ቢሳብ ወደ ፊት ያዘነብላል። ያን ጊዜ የጣዩ ዳሌ ከተጋጣሚው የክብደት ማዕከል ዝቅ ብሎ ከገባ፣ ተጋጣሚው በዳሌው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። ጀማሪ ግን አስቀድሞ የሚማረው ሳይጎዱ መውደቅን ነው።

== ኦሊምፒክ ==

ካኖ በ1909 የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የመጀመሪያው እስያዊ አባል ሆነ። ለቶኪዮ የ1940 ውድድር ብዙ ደክሟል። በ1938 ካይሮ ከተደረገው የኮሚቴው ጉባኤ ወደ አገሩ ሲመለስ መርከብ ላይ ሞተ፤ ከሁለት ወር በኋላም ጃፓን አዘጋጅነቱን ተወች። ጁዶ ኦሊምፒክ የገባው በ1964 በቶኪዮ ሲሆን፣ በዚያው ሳምንት አበበ ቢቂላ ሁለተኛውን የማራቶን ወርቁን አገኘ።